መካሪውንስ ማን ይምከረው? በወለጋ የእርሻ ምክር ታሪክ የአርሶ አደሩ ዕውቀት ሥፍራ

ከአንድ የሰብል ልማት ሠራተኛ



የማኅበር የምሥረታ በዓል ሲከበር መጽሔቱ ስለ ተሠሩ መጋዘኖች፣ ስለ ተገዙ የጭነት መኪናዎች፣ ለአባላት ስለ ተከፋፈለ ትርፍ ይዘረዝራል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ስለሆነ ሌሎች ጸሐፊዎች በሰፊው እንደሚያቀርቡት እተማመናለሁ። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ግን በመጋዘን የማይከማች፣ በሚዛንም የማይመዘን ሀብት ነው። እርሱም ዕውቀት ነው። ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ፣ ስለ እርሻ ሲነገር የማን ዕውቀት እንደ ዕውቀት ተቆጠረ? የማንስ እንደ ሰበብ ታለፈ? ያልተደመጠው ሰው ሲጎዳስ ኃላፊነቱ የማን ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች በወለጋችን የእርሻ ምክር ታሪክ ውስጥ ለማየት እሞክራለሁ።

ከአባቶቻችን የወረስነው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት በኮሌጅ ሳለሁ፣ ሥራ ከያዝሁ በኋላም በየስብሰባው ስሰማው ኖሬአለሁ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ መካሪው ያውቃል፣ ተመካሪው አያውቅም። ነገር ግን ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ምክሩ ራሱ ስህተት የሆነ ጊዜ መከራው የሚደርሰው በመካሪው ላይ ሳይሆን ምክሩን ሰምቶ በተቀበለው ላይ ነው። ማዳበሪያው ባይሠራ ዕዳው የአርሶ አደሩ ነው፤ የባለሙያው ደመወዝ ግን ወር ሲሞላ ይከፈላል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው።

ምክሩ ከየት ተነሣ?

በአገራችን ዘመናዊ የእርሻ ትምህርትና ምክር በሰፊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም በአሜሪካ እርዳታ ተቋቁሞ ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ምክርን አጣምሮ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1963 የምክሩ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የባኮ ምርምር ጣቢያም ለምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም ለበቆሎ ምርምር፣ ዋና ማዕከል ሆነ።

በዚያ ዘመን የነበረው አስተሳሰብ አጭር ነበር። ዕውቀት በምርምር ጣቢያ ይፈልቃል፣ በባለሙያ እጅ ይጓዛል፣ በገበሬው ማሳ ላይ ይፈስሳል። ከማሳው ወደ ጣቢያው የሚመለስ ውኃ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርትን አሳድጓል። ይሁን እንጂ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ሲሉ ብዙ ጢሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቅለዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ደግሞ የመኪና መንገድን ተከትሎ ስለ ተዘረጋ ባለሙያው በአብዛኛው የሚያገኘው በዋናው መንገድ ዳር ያለውን ገበሬ ነበር። ከመንገድ የራቀው ምክሩንም አላገኘም፤ የሚለውንም የሰማው አልነበረም።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል። አናሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው በቋንቋው አስተምረዋል። እንግዲህ በነቀምቴ ይህ ቋንቋ በጽሑፍ ማስተማሪያነት ካገለገለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለዚያ ሥራ ብዙ ቃላትንና ተረቶችን ከአእምሮዋ አውጥታ የሰበሰበችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ስሟ ግን ከአናሲሞስ ስም ያነሰ ይጠራል። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ የመንግሥት ሥራ የሚካሄደው በአማርኛ ስለነበር የወለጋ ገበሬ ስለ ገዛ መሬቱ የሚያውቀውን ለባለሙያው ሲናገር በሌላ ሰው አፍ ተተርጉሞ ነበር የሚደርሰው። በትርጉም መካከል ከሚጠፋው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ምክንያቱ ነው፤ «አይሆንም» የሚለው ቃል ይተረጎማል፣ «ለምን እንደማይሆን» የሚለው ግን ይቀራል።

የምስጡ ዘመቻ

በምዕራብ ወለጋ በመንዲ፣ በነጆና በጃርሶ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ምስጥ ከማንም መማር አያሻውም። ምስጥ የቆመ ሰብል ይጥላል፤ የግጦሽ ሣር ይጨርሳል፤ የጎጆ ምሰሶና የጎተራ እግር ይበላል። ብዙ ቤተሰብ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ጎጆውን እንደ አዲስ ለመሥራት ይገደዳል። በደርግ ዘመን ይህን ችግር ለማስወገድ የተያዘው ዋና ስልት ኩይሳውን በመርዝ መምታት ነበር። እንደ አልድሪን ያሉ ኃይለኛ መርዞች በየኩይሳው እንዲጨመሩ ተደረገ። ሕዝቡም ንግሥቲቱን ቆፍሮ ለማውጣት በዘመቻ ተሰማራ።

ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ነገር አሳዩ። አንደኛ፣ ሰብልን አብዝተው ከሚጎዱት የምስጥ ዓይነቶች መካከል ከመሬት በላይ ኩይሳ የማይሠሩ፣ በአፈር ውስጥ ተበታትነው የሚኖሩ አሉ። ስለዚህ ኩይሳውን መርዝ ማጠጣት እነዚህን አያገኛቸውም። ሁለተኛ፣ ግጦሽ ሲጨናነቅና ቁጥቋጦው ሲመነጠር ምስጡ የሚበላው ደረቅ ሣርና ቅጠል ስለሚያጣ ፊቱን ወደ ሰብል ያዞራል። አልድሪንም እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከዓለም እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት መርዞች አንዱ ሆነ።

በዚያ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት በአንድ ሥልጠና ላይ ተገናኝተን ስንጨዋወት፣ «ሣሩ በነበረ ጊዜ ምስጡም ነበር፤ የራሱን እየበላ ይኖር ነበር። ሣሩን እኛ ወሰድንበት፣ እርሱ የእኛን ወሰደ» አሉኝ። እነሆ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተደረሰበት መደምደሚያ በአንድ አረፍተ ነገር ተነገረኝ። አዛውንቱ መርዙ በተረጨበት ዘመንም በዚያው ነበሩ። የጠየቃቸው ግን አልነበረም፤ የታዘዙት ኩይሳ እንዲቆፍሩ ብቻ ነበር።

የበቆሎው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1993 በእኛ አካባቢ እርሻ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጡ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ከባኮ ተለቀቀ። በዚያው ዓመትም በታዋቂው የስንዴ ተመራማሪ በኖርማን ቦርሎግና በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጂሚ ካርተር የሚደገፈው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በኢትዮጵያ ሥራውን ጀመረ። በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አንድ ላይ ሲቀርቡ የተገኘው ምርት ያየውን ሁሉ አስደነቀ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ አካሄድ አስፍቶ አሳታፊ የሠርቶ ማሳያና ሥልጠና የኤክስቴንሽን ሥርዓት ብሎ በመላ አገሪቱ ዘረጋው።

እውነቱን ለመናገር ምርምሩ ያስገኘውን ጥቅም መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የአገራችን አማካይ የበቆሎ ምርት በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ30 ኩንታል በላይ ደርሷል። በወለጋ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያስተማረው፣ ጣሪያውን በቆርቆሮ የለወጠው በበቆሎ ነው። እኔም ራሴ ደብተርና ጫማ የተገዛልኝ ከበቆሎ ሽያጭ ነበር።

ችግሩ የመጣው ምክሩ ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ ነው። በሥርዓቱ ስም ውስጥ የመጀመሪያው ቃል «አሳታፊ» የሚል ቢሆንም ተሳትፎው በአብዛኛው ፓኬጁን በመቀበል የተወሰነ ነበር። የማዳበሪያው መጠን በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ተብሎ ተቆረጠ። ለቀይ አፈርም ለጥቁር አፈርም፣ ለደጋውም ለደዴሳ ሸለቆ ቆላም ያው ነበር። የልማት ሠራተኛው የሚመዘነው ስንት አርሶ አደር ፓኬጅ አስገባ ተብሎ ሲሆን፣ በመከር ወራትም ያው ሠራተኛ ዕዳ አስከፋይ ይሆን ነበር። ከዕዳ አስከፋይ ጋር ደግሞ ሰው እውነቱን አይጫወትም።

እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 መጀመሪያ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። በአምራች አካባቢዎች አንድ ኩንታል ከ50 ብር በታች፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው አርሶ አደር ዕዳውን ለመክፈል በሬውን ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ መውሰድ ሲፈሩ «ወደ ኋላ ቀር አሠራር ተመለሱ» ተባሉ። በዚያው ጊዜ ድርቅ ተጨምሮበት በአገሪቱ 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለእርዳታ ተጋለጠ። አርሶ አደሩ ግን ኋላ ቀር ሆኖ አልነበረም፤ ሒሳብ ሠርቶ ነበር። «ሁላችን በአንድ ጊዜ ካመረትን ማን ይገዛናል?» ብሎ መጠየቅ ከገበያ የተወለደ ዕውቀት ነው። ጥያቄውን በወቅቱ የሰማ ቢኖር ኖሮ ስንት በሬ ከቤቱ ባልወጣ!

«ላፍቲ ደዸብዴ»

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማን ቃል እንደሚታመን ጎልቶ የሚያሳየው የአፈራችን ታሪክ ነው።

በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጊምቢ፣ በሆሮና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉ አርሶ አደሮች ለብዙ ዓመታት አንድ ነገር ሲናገሩ ኖረዋል፤ «ላፍቲ ደዸብዴ»፣ ትርጉሙም «መሬቱ ደክሟል» ማለት ነው። ማዳበሪያ ቢጨምሩም እንደ በፊቱ እንደማይሰጥ፣ አንዳንዱ ማሳ ከናካቴው ማዳበሪያ የሚባል ነገር እንደማይቀበል ይናገሩ ነበር። እኛ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን ንግግር የምንሰማው በሌላ ጆሮ ነበር። «ብድር ላለመክፈል ነው»፣ «ማዳበሪያውን ሸጦት ነው»፣ «በወቅቱ አላረመም» እንል ነበር።

ቀይ አፈራችን ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚገኝ ነው። ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዝየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ከዓመት ዓመት እያጠበ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። የሰብል ተረፈ ምርት ከማሳ መነሣቱና እንደ ዩሪያና ዳፕ ያሉ ማዳበሪያዎች በተከታታይ መጨመራቸውም አፈሩን ያኮመጥጣሉ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ፎስፈረስንም ይዞ ስለሚያስቀረው በዳፕ መልክ የተገዛው ፎስፈረስ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። አርሶ አደሩ ዋጋ የከፈለበት ማዳበሪያ በገዛ መሬቱ ውስጥ ታሥሮ ይቀር ነበር ማለት ነው። ዛሬ በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ የመስኩ ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ወለጋም በጽኑ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው የአገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ ምክንያት ለሁሉም አንድ ዓይነት የነበረው የማዳበሪያ ምክር መሻሻል ጀመረ፤ ኖራ የመጨመሩም ሥራ እየሰፋ መጣ።

ስለዚህ «መሬቱ ደክሟል» ያለው ሰው ሰበብ አላቀረበም፤ ምርመራ ነበር የተናገረው። ያልነበረው የላቦራቶሪ ስም ብቻ ነው። ከዚህም አልፎ አባቶቻችን ያለ ኖራም የሚችሉትን ያህል ያክሙት ነበር። የከብት በረትን ከማሳ ማሳ እያዘዋወሩ አፈሩን በፍግ ያደልቡታል፤ የደከመውን መሬት ኑግ ዘርተውበት በማግስቱ ዓመት በቆሎ ያስገቡበታል። በባኮ የተደረጉ ሙከራዎችም ፍግን ከተቀነሰ መጠን ማዳበሪያ ጋር አጣምሮ መጠቀም፣ በቆሎንም ከኑግ በኋላ መዝራት ጠቃሚ መሆኑን አሳይተዋል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው የጸጥታ ችግር ማዳበሪያ በወቅቱ ሳይደርስ በቀረባቸው ቀበሌዎች ብዙ ቤተሰብ የከረመው በዚህ በበረት ፍግ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

የራሴ ሪፖርት

እስካሁን ስለ ሌሎች ዘመን ጻፍሁ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን የራሴንም መናገር ይገባኛል።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት በቀበሌያችን በቆሎ በኩታ ገጠም እንዲዘራ ተወሰነ። ከማሳዎቹ መካከል የአንድ አዛውንት አርሶ አደር መሬት ነበር። አዛውንቱ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ይህ መሬት ሁለት ዓመት በቆሎ በልቷል። ዘንድሮ ኑግ ነው የሚፈልገው። በቆሎ ካስገባሁበት የማጭደው ዕዳ ነው» አሉኝ። እኔም፣ «አባ፣ እርስዎ መካከል ላይ ኑግ ከዘሩ ኩታ ገጠሙ ይቋረጣል፤ ማዳበሪያው በደንብ ከተጨመረ ምንም አይሆንም» አልኋቸው። በኮሌጅ ስለ አፈር አሲዳማነት ተምሬ ነበር። ግን ዕቅድ ነበረብኝ፤ የሄክታሩ ቁጥር መሙላት ነበረበት። እርሳቸውም ሰው አክባሪ ስለሆኑ እሺ አሉኝ።

በነሐሴ የበቆሎው ቅጠል ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ይህ የፎስፈረስ እጥረት ምልክት መሆኑን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። በመከር የተገኘው ምርት የማዳበሪያውንና የዘሩን ዋጋ እንኳ አልሸፈነም፤ አዛውንቱ አንዲት ጊደር ሸጠው ከፈሉ። እኔ ደግሞ ሪፖርት ሞላሁ። በቅጹ ላይ ምርት የቀነሰበት ምክንያት ተብለው የተዘረዘሩት የዝናብ እጥረት፣ ተባይና በሽታ፣ የአርሶ አደሩ የአተገባበር ጉድለት የሚሉ ነበሩ። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ተባይ አልነበረም። ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። «ምክሩ ስህተት ነበር» የሚል ሣጥን በቅጹ ላይ አልነበረም። ቢኖር ኖሮም በዚያን ጊዜ ምልክት አደርግበት እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

በሚቀጥለው ዓመት አፈሩ ሲመረመር ፒኤቹ 4.8 ሆነ። ወረቀቱን ይዤ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና ተፈልቶልኝ፣ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ስንጫወት ቆየን። ከዚያ፣ «ጊደሯን አንተ አልበላሃትም፤ እርሷ ትቅር። ግን አተገባበር ጎደለው ብለህ የጻፍከውን አስተካክልልኝ። እኔ በዕድሜዬ ሁሉ እርሻዬን አጉድዬ አላውቅም» አሉኝ። ለማስተካከል ሞከርሁ። የዓመቱ ሪፖርት ተዘግቷል፣ ቁጥሩም ወደ ላይ ተልኳል ተባልሁ። በዚያ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ጥፋተኛው እርሳቸው ናቸው።

ይህ ነገር አንድ ትምህርት ሰጠኝ። የአንድን ሰው ምርት መቀነስ አንድ ጉዳት ነው፤ ያወቀውን እንዳላወቀ አድርጎ መመዝገብ ግን ሌላ ጉዳት ነው። የመጀመሪያው በጊደር ይከፈላል። ሁለተኛው ግን በሚቀጥለው ዓመት ሰውየው አፉን እንዲዘጋ ያደርገዋል፤ እኛም ዝም ማለቱን እንደ መስማማት እንቆጥረዋለን።

አንጮቴና እናቶች

ያልተደመጠው አባወራው ብቻ አይደለም። አባወራውም በተራው የማያዳምጠው አለ። አንጮቴን እንውሰድ። አንጮቴ የምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም የወለጋ፣ የሥር ሰብል ነው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ ሴት እንደሚበጅ እናቶቻችን ሲናገሩ ኖረዋል፤ ለመስቀልም ከቅቤ ጋር ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ዘሩን የሚመርጡት፣ የሚያደርቁትና ለጎረቤት የሚያካፍሉት ሴቶች ናቸው። ቤተ ሙከራዎች ኋላ ሲመረምሩት በካልሲየም የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ጊዜ ግን በፓኬጅ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ የጓሮ፣ የሴቶች ነገር ተብሎ ታልፎ ነበር። ስለ በቆሎ ሥልጠና ስንጠራ የምንጠራው ባልን ነው፤ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ መግባቱን ቀድማ የምታውቀው ግን ሚስት ናት።

ማዳመጥ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ከዚህ ተነሥተው ትልቅ ምርምር አደረጉ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ያገኙት ሌላው ኢትዮጵያዊ በአርሶ አደሩ እጅ ያሉ አገር በቀል ዘሮችን በማስጠበቅ የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ሁለቱም የዕውቀታቸውን መነሻ ያገኙት ከተራው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ የዶክተር አክሊሉ የምርምር ውጤት በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ታይቷል፤ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ እንደገና ይረጋገጥ ተብሏል። የአድዋዋን ሴት ባለሙያው ካልሰማት፣ ኢትዮጵያዊውን ባለሙያ ደግሞ የውጭው ዓለም ካልሰማው፣ በደሉ አንድ ዓይነት ነው። እኛ ከላይ ሲደረግብን የሚያመንን ነገር ወደ ታች ስናደርገው ሊታየን ይገባል።

ሁለቱም ወገን ይሳሳታል

ይህን ስል ግን አርሶ አደሩ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ከዲቃላ በቆሎ ያተረፈውን ፍሬ መልሶ የሚዘራ አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ይቀንስበታል፤ ይህን ያወቅነው ከምርምር ነው። አፈሩ መታመሙን ያወቀው አርሶ አደሩ ቢሆንም ኖራ መድኃኒት መሆኑን፣ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግም የለካው ላቦራቶሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ ደግሞ ሽማግሌውም ባለሙያውም እኩል እንግዳ ሆነው ነበር። ያን ዓመት ልጅ ሽማግሌ ሳይባል በቆሎው እምብርት ውስጥ እየገቡ ትሉን በእጅ ለቀሙ፤ ባለሙያውም ከእነርሱ ጋር እየለቀመ ተማረ። ሁላችን አለማወቃችንን ባመንንበት በዚያ ዓመት ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ተደማምጠናል ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ባለሙያ የአርሶ አደሩን ቃል እንዲሁ ማመን የለበትም፤ መመርመር ግን አለበት። ሳይመረምር መናቅ ግን በደል ነው። ብዙ የተማረ ሰው ኃላፊነቱም ብዙ ነው፤ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ምክንያት «አልጠየቅሁም ነበር» ማለት ከሆነ ነጻ አያወጣም።

ለዩኒየናችን

በደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት ከላይ በትእዛዝ ተደራጅተው ስለነበር በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ያለ ፈቃዱ የገባ ሰው በሩ ሲከፈት ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚደራጁት ማኅበራት ግን በአባላት ፈቃድና በአንድ አባል አንድ ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ድምፅ ማለት እጅ ማውጣት ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያውቁትን ተናግሮ መደመጥም ነው። ስለሆነም በዚህ በዓል አጋጣሚ የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዩኒየናችንና በመሠረታዊ ማኅበራት የግብዓት ቅጾች ላይ «አርሶ አደሩ ስለ መሬቱ የሰጠው አስተያየት» የሚል ቦታ ይጨመር፤ ምርት በቀነሰ ጊዜም «የምክሩ ስህተት» የሚል ምክንያት በቅጹ ላይ ይኑር።

ሁለተኛ፣ የአፈር ምርመራ ውጤት ወደ ቢሮ ብቻ ሳይሆን በሚገባው ቋንቋ ወደ ባለ ማሳው ይመለስ። አፈሩ የእርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ ዘር ወይም አሠራር ሲመጣ መጀመሪያ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በዩኒየኑ ወጪ ይሞከር። ባለሙያው የሚተማመንበት ምክር ከሆነ ኪሣራውን ድሃው ብቻውን የሚሸከምበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ እናቶችና እኅቶች በባላቸው ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ፤ በጠቅላላ ጉባኤም ሻይና ቡና ከማቅረብ አልፈው ሐሳብ እንዲሰጡ ጊዜ ይሰጣቸው።

በመጨረሻም ጽሑፌን የምደመድመው ከአንድ ዕዳ ነው። ከላይ ያነሣኋቸው አዛውንት ዛሬም የማኅበራችን አባል ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ራሳቸው ያውቁታል። በዚያ ሪፖርት ላይ የጻፍሁትን መሰረዝ አልቻልሁም። ይህ መጽሔት ግን በየማኅበሩ ቢሮ ተቀምጦ የልጅ ልጅ ሊያነበው ይችላልና እርማቱ እዚህ ይመዝገብልኝ፦ በዚያ ዓመት የአተገባበር ጉድለት አልነበረም። አርሶ አደሩ መሬታቸውን ያውቁ ነበር፤ ተናግረውም ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

መልካም የምሥረታ በዓል!